ቢርድድ ድራገን መብላት ስታቆም፦ የመብራትና የሙቀት ማስተካከያ

ምልክቱ፦ ቢርድድ ድራገን የምትባለው እንሽላሊቴ ጠዋት ጠዋት ጠቁራ ትተኛለች፣ ፌንጣ ፊቷ ላይ ቢዘልም አትነካውም። ቤቱ ፒያሳ ነው፤ በክረምት ሌሊት የምትኖርበት ሳጥን በጣም ይቀዘቅዛል።

የማሞቂያ አምፖሉን ከ60 ወደ 100 ዋት ማሳደግ ለውጥ አላመጣም። መስኮት ሥር ማስጠጋትም እንደዚያው፤ መስታወት የዩቪቢ ጨረርን (በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ የአልትራቫዮሌት ዓይነት) ያግዳል፣ ያለ እሱ ደግሞ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ3 አያመርትም፣ ካልሲየምም በደንብ አይመጠጥላትም።

ሳጥኑ ላይኛው ግድግዳ የተለጠፈው ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ይላል። የዲጂታል ቴርሞሜትሩን ሽቦ ጫፍ አምፖሉ ሥር በምትሞቅበት ድንጋይ ላይ ሳሳርፈው ግን 29 ብቻ አነበበ። ችግሩ ያለው እዚህ ነው፤ የምትሞቀው በድንጋዩ እንጂ በላይኛው አየር አይደለም።

ድንጋዩን በጡብ ከፍ አድርጌ ላዩ 40 ዲግሪ እስኪደርስ ወደ አምፖሉ አቀረብኩት። ጡቡ ተንዶ እንዳይጫናት በሲሊኮን አጣብቁት። ሌላኛው ጫፍ 26 አካባቢ ይሁን፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ያስፈልጋታል። 12 በመቶ የሆነ የዩቪቢ ቲ5 ቱቦ (ቀጭን የፍሎረሰንት መብራት) ከአምፖሉ ጎን፣ ከሳጥኑ ክዳን ወንፊት በታች፣ ከጀርባዋ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ተሰቀለ። ቱቦው ቢበራም ጨረሩ ስለሚደክም በዓመቱ ቀይሩት። ለሌሊት ብርሃን የማይሰጥ የሴራሚክ ማሞቂያ፣ በቴርሞስታት (ሙቀቱን ጠብቆ በሚያበራና በሚያጠፋ መቆጣጠሪያ) 20 ዲግሪ ላይ።

ከዚህ በኋላ መብላት ጀመረች። መብራት በጠፋ ቀን ግን አትመግቧት፤ ሳትሞቅ የበላችው አይፈጭላትም።