መስታወት በረጅም ዘንግ ለምታጸዱ፦ የውሃ መዝጊያ አመራረጥ

በካዛንቺስና በሜክሲኮ ፎቆች ላይ ውሃ በሚያሳልፍ ዘንግ የምትሠሩ ሁሉ፣ መዝጊያውን ብሩሹ አጠገብ አትግጠሙት። ክብደቱ ክንድ ያዝላል፤ ለመዝጋትም ዘንጉን ማውረድ ግድ ይሆናል። ቦታው ግርጌው ላይ፣ እጅ በሚደርስበት ነው። በሩብ ዙር የሚዘጋውን ባለ ኳስ ቫልቭ (ውስጡ ቀዳዳ ያለው ኳስ የሚዞርበትን መዝጊያ) ምረጡ፤ እጀታው በውሃ ጎማው አቅጣጫ ከሆነ ክፍት፣ ጎማውን አቋርጦ ከተጋደመ ዝግ መሆኑ በዓይን ይታያል። ነሐሱ ጠንካራ ነው፤ ከዘንጉ ጋር ለሚነሣ ግን ፕላስቲኩ ይቀላል።

መርካቶ ስትሄዱ የጎማችሁን ቁራጭ መያዝ አትርሱ። ግማሽ ኢንች የሚባለው የማያያዣው ጥርስ መለኪያ ነው፤ ጎማው ልኩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሻጩ ፊት አስገብታችሁ ሞክሩት። ጥርሱ ላይ ቴፍሎን (ውሃ እንዳያፈስ የሚጠቀለል ስስ ቴፕ) ጠቅልሉበት፣ ጎማውን በማሰሪያ አጥብቁት። ፓምፕ ካለ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ዝጉ፤ በድንገት ሲዘጋ የሚፈጠረው ግፊት መጋጠሚያውን አስፈትልኮ ከታች የሚያልፈውን እግረኛ ያረጥባል።