ዲፈረንሻል ተቀይሮ ሞተር ሲጮህ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

«ሞተሩ ተበላሽቶብኛል» ብለው ሃይሉክስ ፒካፕ ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ወሬያቸው አንድ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ከድሮው በላይ ይጎትታል። አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ 100 ሲገባ ግን ይጮሃል። እጅ ሳያስበው ሌላ ማርሽ ይፈልጋል፤ 5ኛው ግን ገብቷል። ዘይቱ፣ ፊልትሮውና የጎማው ንፋስ ታይቷል ብዬ ልቀጥል።

ሞተር ከመፈታቱ በፊት እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ከሞተር የመጣውን ዙር ቀንሶ ለጎማዎቹ የሚያካፍለው የጥርስ ሳጥን፣ ተነክቷል? ብዙ ጊዜ መልሱ «አዎ፣ ያገለገለ ገዝቼ አስገጠምኩ» ነው። በቃ፣ ችግሩ እዚያ ነው፤ የገባው ዲፈረንሻል ቁጥሩ ከፋብሪካው የተለየ ነው።

የዲፈረንሻሉ ቁጥር የሚገኘው የኮሮናው (ትልቁ ባለ ጥርስ ቀለበት) የጥርስ ብዛት ለፒኞኑ (እሱን ለሚያዞረው ትንሹ) የጥርስ ብዛት ሲካፈል ነው። 43 ለ11 ከሆነ 3.909፣ 43 ለ10 ከሆነ 4.30፣ 39 ለ8 ከሆነ 4.875 ይመጣል። ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት በየማርሹ ይጨምራል። ለአንድ ዓይነት ፍጥነት ሞተሩ የሚዞረውም በዚያው ልክ ይበዛል። 265/65 በ17 ጎማ የገጠመና 5ኛ ማርሹ 0.85 የሆነ (ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ አንዴ ሲዞር ሞተሩ 0.85 ዙር የሚዞር) መኪና እንውሰድ። 100 ላይ በ3.909 ሞተሩ ወደ 2270 ዙር ይዞራል። በ4.30 ወደ 2500፣ በ4.875 ደግሞ ወደ 2830 ይደርሳል። ሞተሩ ምንም አልሆነም። የተሰጠውን ሥራ እየሠራ ነው።

ለማረጋገጥ ቁጠሩ። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፤ ፎር ዊሉ የወጣ ይሁን። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱ፣ ሌላው መሬት ላይ ይቆይ። የእጅ ፍሬኑ ስለሚለቀቅ መሬት ላይ ያሉትን ጎማዎች በታኮ ያዙ። በክሪክ ብቻ ተማምናችሁ ከመኪና ሥር አትግቡ፤ ድጋፍ አቁሙ። ጎማውና ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጎማውን 2 ዙር ስታዞሩ ዘንጉ የዞረው ያ ቁጥራችሁ ነው። 3.9ንና 4.1ን በዚህ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ 20 ዙር አዙሩ። ዘንጉ 39 ከዞረ አንዱ ነው፣ 41 ከሆነ ሌላው። 10 ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳይሠሩ ፓምፕና ኢንጀክተር የሚያስወርዱ ሰዎች ያናድዱኛል።

አሁን ደጋግሜ ወደማየው ጉዳት ልግባ። ፎር ዊል መኪና ሆኖ የኋላው ብቻ ሲቀየር ማለቴ ነው።

ከፊት 3.909፣ ከኋላ 4.30 ሆኖ አስቡት። በኋላ ዊል ብቻ ሲነዳ ምንም አይታወቅም፤ ባለቤቱ ወራት በሰላም ይነዳል። ክረምት መጥቶ ጭቃ ላይ ፎር ዊል ያስገባል። በዚያች ሰዓት የኋላው ጎማ 10 ሜትር ሲሄድ የፊተኛው 11 ሜትር ልሂድ ይላል። ጭቃው ለጊዜው ስለሚያንሸራትት ይሸከመዋል። ደረቅ መሬት ላይ ሲወጣ ግን የሚንሸራተት ነገር የለም፤ ጥርስ ከጥርስ ይታገላል። መሪው ይከብዳል፣ መኪናው በቀጥታ መንገድ እንኳ ይንገጫገጫል፣ የፎር ዊሉ ማስገቢያ ዘንግ አልወጣም ይላል።

አንድ ደንበኛዬ ዘንጉን በጉልበት ሲጎትት ቆይቶ «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማ። መኪናው ተጎትቶ መጣ። ስንፈታው የትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን) ጥርሶች ተሰባብረው ዘይቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። የገጠመለት ጋራዥ «ያው አንድ ነው፣ ቡሎኑ ይገጥማል» ብሎት ነበር። ቡሎን መግጠሙ ምንም አያረጋግጥም! ሌላው ደግሞ ገጠር ለገጠር የሚሠራ ሰው ነው፤ ጎማ እየበላብኝ ነው ብሎ ሦስት ጊዜ የፊት እግር አሠልፏል። ስንቆጥር ከፊት 39፣ ከኋላ 43 ወጣ።

ፎር ዊል ካላችሁ ከፊትም ከኋላም ቁጠሩ። ልዩነት ካለ እስኪስተካከል ፎር ዊል አታስገቡ፤ ጭቃ ላይም ቢሆን።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ያታልላል። ፍጥነቱን ከካምቢዮ በኩል የሚወስድ መኪና ላይ ከ3.909 ወደ 4.30 ከተቀየረ፣ በእውነት 100 ስትሄዱ 110 ያሳያል። «ነዳጅ ቀነሰልኝ» የሚሉኝ አሉ። ነዳጁ አልቀነሰም፤ ያልሄዳችሁት ኪሎ ሜትር ተቆጥሮላችሁ ነው። በስልክ ጂፒኤስ አመሳክሩ።

ዙሩ ከፍ ብሎ ፍጥነት ካልተከተለ ፍሪሲዮን ነው። ከተቀየረ በኋላ ዋይታ ከመጣ አገጣጠሙን ፈትሹ።

መፍትሄው እንደ ሥራችሁ ይለያል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንስበታል። ዳገትና ጭነት የሚበዛባችሁ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ዲፈረንሻል እንዳለ ብትተዉት እደግፋለሁ። ከ265/65 በ17 ወደ 285/75 በ16 ጎማ ያሳደገ ሰው ደግሞ ጎማው ወደ 7 በመቶ ስለሚተልቅ 4.30 ሊካሰው ይችላል። አገር አቋራጭ ለሚነዳ ግን ወደ ፋብሪካው ቁጥር መመለስ ይሻላል፤ ጩኸቱም ነዳጁም ያደክማል።

ስትገዙ ኮሮናና ፒኞኑ ከአንድ መኪና የወጡ ጥንድ ይሁኑ። ከሁለት ቦታ የተሰበሰበ አትቀበሉ፣ በነፃም ቢሰጧችሁ። ጥርሱን እዚያው ሻጩ ፊት ቁጠሩ። የፒኞኑ ዳዶ ከተፈታ ውስጥ ያለችው የምትጨመቀዋ ቀለበት አዲስ ትሁን፤ አሮጌዋን መልሶ የሚከት መካኒክ ኩሽኔታውን ይገድላል። በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት በመኪናው መመሪያ ልክ በመለኪያ ይስተካከል፤ በእጅ ነቅንቆ «ጥሩ ነው» አይባልም። ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብቶ ማዞር ግድ ነው። አሻራው የጥርሱ መሃል አካባቢ ካረፈ ደህና፣ ጫፍ ወይም ሥር ላይ ከወጣ ይፈታ።

ዘይቱ ጂኤል-5 ይሁን። የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት አትጫኑ፣ ተጎታችም አትጎትቱ። ከዚያ ትኩስ እያለ አፍስሱትና የማፍሰሻው ቡሽ ላይ ያለውን ማግኔት እዩ። እንደ ጭቃ የለሰለሰ ብናኝ ከሆነ ጠርጋችሁ አዲስ ዘይት ሙሉ። ፍርፋሪ ብረት ካገኛችሁ መኪናውን ሳትነዱ ወደ ሠራው ሰው አስጎትቱት።