140 ጌም ተጭኖ አንድም ያላለቀበት ኮምፒውተር፦ ችግርና መፍትሄ

ኮምፒውተር እጠግናለሁ። «ዘገየብኝ» ተብሎ የመጣልኝን ማሽን ስከፍት ብዙ ጊዜ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ አገኘዋለሁ፤ የሞላውም በጌም ነው። አንዱ ላይ 140 ቆጥሬያለሁ። ባለቤቱ ከእነዚያ ሁሉ ዳር ያደረሰው አንድም አልነበረም። ዲስክ ማጽዳቱን፣ ድራይቨር ማደሱን፣ አቧራ ማራገፉን ስለምታውቁት አልመለስበትም። የምጽፈው ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጌሙ ለምን ሳይነካ እንደሚቀር ነው።

ምልክት፦ ለመጫወት ተቀምጦ ዝርዝሩን ሲያገላብጥ ይመሻል

ምክንያቱ የተጫነው መብዛቱ ነው። ሁለት ብቻ አስቀሩ፤ አንድ ረጅም፣ አንድ በአንድ ወይም በሁለት ምሽት የሚያልቅ። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 የተባለው ጌም ብቻውን 150 ጊጋባይት ያህል ይፈልጋል፤ በ500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ከእሱ ጋር ሌላ አሥር መደርደር ዲስኩንም ሰውንም ማስጨነቅ ነው። ስቲም ከተባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር የተገዛ ጌም ከዲስክ ቢነሳ ከንብረታችሁ አይወጣም፤ መልሶ ማውረድ ይቻላል። ኢንተርኔቱ የሚከብዳችሁ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አዛውሩት። አጭር ጌም ለሚፈልግ በ2007 የወጣው ፖርታል ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚወስደው።

ምልክት፦ ቅናሽ በመጣ ቁጥር ይገዛል፣ ግን አይከፈትም

ስቲም በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወቱት ጌም ገንዘብ ይመልሳል። የገዛችሁትን በዚያው ሳምንት ክፈቱና አንድ ሰዓት ተኩል ሞክሩት፤ ካልጣማችሁ መልሱት። ልብ በሉ፤ ጌሙን ከፍታችሁ ቡና ልትጠጡ ብትሄዱም ሰዓቱ ይቆጥራል። ኤፒክ የተባለው ሌላ የጌም መደብር ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በነጻ የሚያድላቸውን ጌሞች ደግሞ እንደ ዕዳ አትቁጠሯቸው።

ምልክት፦ ጀምሬ አቋረጥሁ፤ ስመለስ ሁሉ ነገር ተረሳኝ፤ ከመጀመሪያ ጀመርሁ

ከአሥር ሰው ሰባቱን የማገኘው እዚህ ላይ ነው። «ያልተጫወትሁት» የሚባለው ክምር ሲገለጥ አብዛኛው ያልተነካ ሳይሆን ሦስት አራት ጊዜ ተጀምሮ እዚያው ቦታ ላይ የተጣለ ነው።

አንድ ደንበኛዬ በ2015 የወጣውን ዘ ዊቸር 3 አምስት ጊዜ ጀምሯል። የሴቭ ማህደሩን (ጌሙ የደረሰበትን ቦታ የሚያስቀምጥበትን) ስከፍት አምስቱም ቬለን የሚባለው ረግረጋማ አገር ላይ ቆመዋል። የጌሙ ዋና ታሪክ 50 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ እርሱ የመግቢያውን መንደር ኋይት ኦርቻርድን ብቻ እየደጋገመ ከ60 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ሥራ ይበዛበትና ሦስት ሳምንት ይተወዋል። ሲመለስ ክዌን የተባለውን መከላከያ በየትኛው ቁልፍ እንደሚያወጣ ጠፍቶበታል። ከረግረጉ የሚወጡት ጭራቆች ሁለት ጊዜ ይገድሉታል። በታሪኩ ውስጥ ባሮን የሚባለው ሰው ቤት ለምን እንደሄደም አያስታውስም። «ረስቼዋለሁ፣ ከመጀመሪያ ብጀምር ይሻላል» ይላል። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው!

እጅ የረሳውንና ልብ የረሳውን ለዩ። የእጅ ልማድ በግማሽ ሰዓት ይመለሳል። ታሪኩን ደግሞ ጌሙ ራሱ መዝግቦ ይዞላችኋል፤ የተልዕኮ መዝገቡን ከፍቶ ማንበብ ነው። ሁለቱንም ለማግኘት አሥር ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልግም።

ለእርሱ ያደረግሁለትን ልንገራችሁ። የመጨረሻውን ሴቭ ከፈትን። መዝገቡን አነበብን። የጌሙን ክብደት ወደ ቀላሉ ደረጃ አወረድነው፤ ይህ ጌም በመሃል መቀየር ይፈቅዳል። ከዚያ ለ20 ደቂቃ ምንም ተልዕኮ ሳይነካ ተኩላ ብቻ እንዲያድን አደረግሁት። በ25ኛው ደቂቃ ጣቶቹ ቁልፉን ሳያይ ያገኙት ነበር። ደረጃውን ራሱ መልሶ ከፍ አደረገ።

እንዳይደገም ደግሞ ከማቆማችሁ በፊት ሦስት መስመር በወረቀት ጻፉ፦ ወዴት እየሄድሁ ነበር፣ ምን ፈልጌ፣ አዘውትሬ የምጫናቸው ቁልፎች የትኞቹ ናቸው። ወረቀቱን ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፉ። ሌሊት ተረኛ የሆነች አንዲት ነርስ ከዚህ የሚቀል ዘዴ አሳይታኛለች፤ ከመዝጋቷ በፊት ካርታውንና ተልዕኮውን በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እየተጫወተች 100 ሰዓት ገደማ የሚፈልገውን ፐርሶና 5 ጨርሳዋለች። በውጊያ መሃል አታቁሙ። ገበያ ወይም መንደር ደርሳችሁ አቁሙ።

አሁን አጥብቄ የምለው፦ ሴቭ ከጌሙ ጋር አንድ ቦታ አይቀመጥም። ዘ ዊቸር 3 ዶክመንትስ ውስጥ ነው፤ ሌሎች ብዙዎች አፕዳታ በሚባለው የተደበቀ ማህደር ውስጥ ናቸው። ዊንዶውስ ያለበት ሲ የተባለው የዲስክ ክፍል ፎርማት ሲደረግ (ያለበት ሁሉ ሲጠረግ) ጌሙ ዲ በተባለው ክፍል ላይ ቢተርፍም ሴቭ ይጠፋል። አንድ ተማሪ ሌላ ጥገና ቤት ሰጥቶ 80 ሰዓት የለፋበት ጠፍቶበት እንባ በዓይኑ ሞልቶ መጥቶብኛል። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ሳይጠይቅ ፎርማት ማድረግ የለበትም! በስቲም ብዙው ጌም ሴቭን በኢንተርኔት ያስቀምጣል፣ ሁሉም ግን አይደለም፤ ከሱቅ በፍላሽ ለተቀዳ ጌም ደግሞ ጨርሶ አትመኑ። ማህደሩን በየወሩ ቅዱ። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ያላችሁ በአንድ ሴቭ ላይ ደጋግማችሁ አትጻፉ፤ ሁለት ቦታ እያፈራረቃችሁ አስቀምጡ። በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ከጠፋ የሚበላሸው ያ አንዱ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የተቀዳው ጌም ግማሹ አይከፈትም፦ 2 ቴራባይት ተብሎ በርካሽ የተሸጠላችሁ ፍላሽ የውሸት ነው፤ ልኩን ሲያልፍ የቀደመውን እየደመሰሰ የቀዳ ይመስላል። ጣሉት፤ ምንም ነገር አታስቀምጡበት።

በወርሃዊ ክፍያ የሚገኝ ጌም ከዝርዝሩ ጠፋ፦ ውሉ አልቆ ተነስቷል። እንዲህ ያለውን ከገዛችሁት አስቀድማችሁ ተጫወቱ።

ራስ ያዞራል፦ የእይታ ስፋቱን ከቅንብር ውስጥ ጨምሩ፣ የካሜራ መንቀጥቀጡን አጥፉ።

አምስት ሰዓት ተጫውታችሁ አሁንም ካልወደዳችሁት፦ አንሱት።