አንድ አያት፣ ሁለት ሰው

የቤተሰብ ዛፍ ስሠራ ወንድ አያቴ ሁለት ሰው ሆነው ቁጭ አሉ። አንዱ በዓለም ስማቸው፣ በ1942 የተወለዱ። ሌላው ከቤታችን አሮጌ ዳዊት ኅዳግ ላይ ያገኘኋቸው "ወልደ ሚካኤል"፣ 1934። ወንድማማቾች ናቸው ብዬ ሳምንት ሙሉ ስለፋ ከረምኩ።

መፍትሔው አክስቴ ጋ ነበር።

"አክስቴ፣ ፍትሐቱ ላይ ቄሱ አባባን ማን ብለው ጠሯቸው?"

"በክርስትና ስማቸው ነዋ! ወልደ ሚካኤል።"

አንዱ ተፈታ። ዓመቱስ? 1942 የተገኘው ውጭ አገር ከተሞላ ፎርም ነው። አክስቴ ደግሞ "ጣልያን በወጣ በዓመቱ፣ በሚያዝያ" ትላለች። ጣልያን የወጣው በ1933 ነው። ስለዚህ ሚያዝያ 1934፣ በፈረንጅ 1942። ገጠመ! (ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ቢወለዱ ልዩነቱ 7 ዓመት ይሆን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 8 ነው።)

ሁለቱን አዋሃድኳቸው። የክርስትና ስማቸውን "ሌላ ስም" የሚለው ቦታ ላይ አስገባሁ። ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." ጻፍኩ። ሶፍትዌሩ "የቤተሰብ ስም ሙላ" እያለ ይነዘንዘኛል። እኛ ያለን የአባት ስም ነው፤ ባዶውን ተውኩት።