የረገበው የእንፋሎት ቱቦ
የሚኒሶታ ክረምት ከማሞቂያው ጋር ተባብሮ የቤቱን አየር ያደርቃል፣ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ የእንጨት ወለል ያላቅቃል። ለመላው ቤት እንፋሎት የሚያመነጨውን መሣሪያ ያስገጠምነውም ለዚሁ ነበር። ውሃው ይፈላል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል፤ የቤቱ እርጥበት ግን ንቅንቅ አላለም። ምድር ቤት ወርጄ ጆሮዬን ስጥል ቱቦው እንደ ጋያ ይንዶቀዶቃል። ገጣሚው ወደ አየር መተላለፊያው የዘረጋው ጎማ መሐሉ ላይ ረግቦ፣ የቀዘቀዘው እንፋሎት እዚያ ውሃ ሆኖ መንገዱን ዘግቷል። ኤሌክትሪኩን አጥፍቼ፣ ጎማው እስኪበርድ ጠብቄ፣ ትርፉን ቆረጥኩና ከጣሪያው አግዳሚ ጋር በማሰሪያ ሰቀልኩት። አሁን በየሜትሩ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ጠብታውም ተመልሶ ወደ ማፍያው ይወርዳል። እርጥበቱን ግን 40 በመቶ ላይ አትተዉት፤ ውጭው ዜሮ ፋራናይት (ከዜሮ በታች 18 ሴልሺየስ ያህል) ሲሆን 25 በመቶ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የመስኮቱ እንጨት ይበሰብሳል።