ዕድሜያቸው የገፋ ባለትዳሮች በጤና ቁጠባ ሂሳብ ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

የባልና የሚስት ገንዘብ አንድ ነው እየተባልን አድገን አሜሪካ ለምንኖር ሰዎች ኤችኤስኤ የሚባለው፣ ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ከግብር ነፃ የሚቀመጥበት የጤና ቁጠባ ሂሳብ ግራ ያጋባል። በዓመት ማስገባት የሚፈቀደው ጣሪያ የቤተሰብ ሊሆን ይችላል፤ ሂሳቡ ግን ምንጊዜም የአንድ ሰው ነው።

የሁለቱንም ጭማሪ በአንድ ሂሳብ ማስገባት

በ2026 ከፍተኛ ዲዳክቲብል (መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚከፈለው) ያለው የቤተሰብ መድን ላላቸው ጣሪያው 8,750 ዶላር ነው። ዕድሜው 55 የሞላ ሰው ደግሞ 1,000 ዶላር መጨመር ይችላል። ሁለታችሁም 55 ከሞላችሁ ድምሩ 10,750 ይደርሳል። ነገር ግን የሚስት 1,000 ዶላር የሚገባው በራሷ ስም በተከፈተ ሂሳብ ብቻ ነው። ባል ሁሉንም ከደመወዙ ቢያስቆርጥ 1,000ው ከጣሪያ በላይ ይሆናል። አሠሪው የሚጨምረው ገንዘብም ከዚሁ ጣሪያ ላይ ይቆጠራል።

ሜዲኬር ወደ ኋላ እንደሚቆጠር አለማወቅ

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሜዲኬር የሚባለውን፣ በዋናነት 65 ለሞላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን የጀመረ ሰው ከዚያ ወር አንስቶ በሂሳቡ ምንም ማስገባት አይችልም። ከ65 ዓመት በኋላ የዘገየ ሰው ሲመዘገብ ደግሞ ፓርት ኤ (የሜዲኬር የሆስፒታል ክፍል) እስከ 6 ወር ወደ ኋላ ሄዶ ይጀምራል። አንድ የማውቃቸው የ67 ዓመት አባት ሥራ ላይ እንዳሉ በሴፕቴምበር የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ጠየቁ፤ በዚህ ዕድሜ ጡረታ ሲጠየቅ ፓርት ኤም አብሮ ይጀምራል። የሜዲኬር ካርዳቸው ሲመጣ የተጻፈበት ቀን ማርች 1 ነበር። ለእሳቸው የተፈቀደው የ2 ወር ድርሻ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከየደመወዛቸው እስከ ኦገስት ሲቆረጥ ከርሟል። እንዲህ ያለው ትርፍ ካልወጣ በየዓመቱ 6 በመቶ ይቀጣል፤ የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ሳያልፍ ከነወለዱ ካወጡት ግን ቅጣቱ ይቀራል። ለሜዲኬር ወይም ለጡረታው ለማመልከት ካሰቡ ከ6 ወር በፊት ማስገባቱን ያቁሙ።

አንዱ ሜዲኬር ሲገባ ሁለቱም ማቆም

ይህ ደግሞ መብትን መተው ነው። ከፍተኛ ዲዳክቲብል ባለው የቤተሰብ መድን የታቀፈች፣ ሌላ መድንም ሆነ ሜዲኬር የሌላት ሚስት፣ መድኑ በባሏ መሥሪያ ቤት በኩል የተገኘ ቢሆንም እንኳ 8,750ውን በሙሉ በራሷ ሂሳብ ማስገባት ትችላለች። ገንዘቡም ለባሏ ሕክምና ይሆናል። የእኚያ አባት ባለቤት 61 ዓመታቸው ነበር። ትርፉ ወጣ፤ በባለቤታቸው ስም ሂሳብ ተከፈተ። የዓመቱን ድርሻ እስከ ቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል 15 ማስገባት ስለሚፈቀድም ገንዘቡ ወደዚያ ገባ።