የዲሽ ምሰሶ ጣሪያውን በስቶ በወጣበት ሲያፈስ

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታችን ኮርኒስ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡኒ ክብ አለ። ልክ የዲሽ ቱቦው ቆርቆሮውን በስቶ ከሚወጣበት ስር። ሦስት ክረምት ሲልከን ቀባሁበት፤ ሦስቱንም አፈሰሰ።

ነፋስ ያለው ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው የሚያፈሰው? እንግዲያው ምሰሶው ይነቃነቃል። አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቱቦውን ይወዝውዘው፤ እናንተ ከታች ቀዳዳውን እዩ። የእኛው ሲወዘወዝ በቱቦውና በቆርቆሮው መሀል ቀጭን ብርሃን ይከፈትና ይዘጋ ነበር። ሲልከን ምሰሶ አይሸከምም። ቱቦውን መያዝ ያለበት እንጨቱ ነው። እግሩን አጥብቃችሁ እሰሩ። ከዚያ ከቆርቆሮው ስር ግራና ቀኝ ሞራሌ አስገብታችሁ ከማገሩ ጋር ምቱት፤ የቀረውን ክፍተት በሽብልቅ አጥብቁ። የሸራ ጀልባ ምሰሶም ወለሉን አልፎ ሲወርድ የሚይዘው ሽብልቅ ነው። ውሃውን የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው፤ ምሰሶው ላይ የሚታሰር የጎማ ቀሚስ። መያዝ ሌላ፣ መድፈን ሌላ።

ምሰሶው ንቅንቅ ሳይል የሚያፈስ ከሆነስ? ያኔ ጥፋቱ የፀሐይ ነው። 6 ሜትር ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ማታ ተመልሶ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ይህን አይችልም፣ ይሰነጠቃል፤ በስሱ የተቀባ ሲልከንም ይላቀቃል። ስለዚህ እንደ ጀልባው የጎማ ቀሚስ አልብሱት። ዲሹን ፍቱና ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቁራጭ ከላይ አጥልቁ። የላይኛውን አፍ በፋሸታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ) እሰሩ። የታችኛውን ቆርቆሮው ላይ ዘርግታችሁ፣ ከስሩ ሲልከን ቀብታችሁ፣ በላሜራ ቀለበት ተጭናችሁ ቡለን ምቱ፤ ቡለኑ ሸንተረሩ አናት ላይ ይሁን እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ አይሁን። ላስቲኩን ፀሐይ ስለሚበላው በየዓመቱ ሰኔ ላይ እዩት። ሥራውን ጠዋት 1 ሰዓት ጀምሩ፤ እኩለ ቀን የድሬ ቆርቆሮ እጅ ያቃጥላል።

ሲልከን ስትገዙ ተጠንቀቁ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አሲድ አለው፤ የቆርቆሮውን የዚንክ ልባስ ይበላና ዝገት ያስጀምራል። ኒውትራል የሚባለውን ጠይቁ።

ዙሪያው ደረቅ ሆኖ ውሃው በቱቦው ውስጥ ከወረደ አናቱ ክፍት ነው፤ ክዳን በቂ ነው። ኬብሉን ተከትሎ ከገባ ደግሞ፣ ኬብሉ ከመግቢያው በፊት ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ አድርጉ፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ሲያልቅ ዝናብ አትጠብቁ። በጀሪካን ውሃ መጀመሪያ ከቀለበቱ በታች፣ ቀጥሎ ቀለበቱ ላይ፣ በመጨረሻ ፋሸታው ላይ አፍስሱ። አንድ ሰው ከስር በባትሪ ይመልከት፤ በየቱ ላይ ስታፈሱ እንደሚንጠባጠብ ይነግራችኋል።